የጠዋቱ ስለት

ገበቴ ሠሪው እንጨት እያሽከረከረ ከሚቀርጽበት ቶርኖ ሥር በጀርባው ወድቋል። ግንባሩ ተፈርክሷል፤ ከቀኝ እጁ አጠገብ ጎድጓዳ መሮው ተጋድሟል፤ ማሽኑ ላይ ግማሹ የተቦረቦረ ገበቴ እንደታሰረ ነው። መርማሪዋ ገና በሩን ሳታልፍ የሟቹ ታናሽ ወንድም ጩኸት ተቀበላት።

«ይቺ ናት የገደለችው!» ጣቱን የወንድሙ ልጅ ላይ ቀስሯል። «መሮ መሳል የሷ ሥራ ነው። ዱልዱም ሰጠችው፤ እንጨቱ ያዘውና መልሶ ግንባሩን አለው! ስለቱ ካርባይድ የሆነውን ግዛ፣ ከመሳል ተገላገል ብዬ ስንቴ ለመንኩት!»

ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ መዳፎቿን ታያለች። «ስዬው ነበር» አለች፣ ራሷንም ባላሳመነ ድምፅ።

መርማሪዋ ደሟ ፈላ። ብዙ አስከሬን አይታለች፤ አስከሬን ሳይነሳ ሐዘንተኛ ላይ የሚፈርድ ሰው ግን ዛሬም ያንገበግባታል። «አባቷ መሬት ላይ ነው፤ ድምፅዎን ይቀንሱ!» አለችው።

ጎረቤቱን አናጢ ውጭ አናገረችው።

«ጠዋት የሰሙት ነገር አለ?»

«ማሽኑን ሰምቻለሁ። ግን እንደ ሁሌው አልነበረም። የሱ መሮ ያፏጫል፤ የዛሬው ሲፍቅ ነው የቆየው።»

«ከወንድሙ ጋርስ እንዴት ነበሩ?»

«ትናንት ተጣልተዋል። ወንድሙ በካርባይድ የሠራውን ገበቴ ሟቹ ደንበኛ ፊት ‹ይሄ ተፋቀ እንጂ አልተቀረፀም› አለው። የሥራ ቤቱንም ለልጄ ነው የማስረክበው ብሎ ቁርጡን ነገረው።»

«እርስዎስ ቶርኖ ይሠራሉ?»

«እኔ? ጣቶቼን እወዳቸዋለሁ።»

ተመልሳ ገባች። ጣቷን በገበቴው ውስጥ ብታሳልፍ የተነጨው እንጨት ወጋት፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት የሟቹ ሥራዎች ግን ልስልስ ናቸው። ከማሽኑ ሥር ደቃቅ ሰጋቱራ ብቻ ፈሷል። ግድግዳው ላይ የመዶሻው መስቀያ ባዶ ነው። ጓንቷን አጥልቃ መሮውን ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

«እህቴ፣ ከመሳያው ድንጋይ ስታነሺው ጠርዙን ትጠርጊዋለሽ?» አለቻት ልጅቷን።

«አልነካውም። ፀጉር የሚያህል የብረት ክር ጠርዙ ላይ ይቀራል፤ አባዬ ተይው ይል ነበር። እንጨት ሲነካ ራሱ ይረግፋል።»

መርማሪዋ ጥርሷን ነከሰች፤ ሦስቱንም ማሽኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«መሮው ዱልዱም ነው ብለዋል» አለችው ወንድምዬውን። «አናጢው እስቲ ይዩልን።»

አናጢው አጎንብሶ አየ። «ክሩ እኮ አለ!»

«አለ። ይህ መሮ ዛሬ እንጨት አልነካም። ታዲያ ገበቴውን ምን ቦረቦረው? የጎድጓዳ መሮ ፍቅፋቂ ረጅምና ጥቅልል ነው፤ እዚህ አንድም የለም። ካርባይድ ግን ይፍቃል፤ ሰጋቱራ ያወጣል፣ እንጨቱንም ይነጫል። ሟቹ ካርባይድ አይነካም። አናጢው ቶርኖ አይችሉም። ልጅቷ ብትሆን ክሩን አርግፋ ነበር የምታስቀምጠው፤ ታውቀዋለቻ።»

«እና እኔ ነኝ ልትዪ ነው?» አለ ወንድምዬው።

«አንተ ነህ!» እርስዎ ማለቱ ቀረ። «ወንድምህን ገና ሥራ ሳይጀምር በመዶሻ መታኸው። አደጋ እንዲመስል ገበቴው መቦርቦር ነበረበት፤ በሱ መሮ እንዳትሠራ አያያዙን አታውቅም፣ የምር ይመታሃል። በራስህ ካርባይድ ፍቀህ ስታበቃ የሱን መሮ እጁ አጠገብ አጋደምክ። የካርባይድ ስለት ሲደነዝዝ አዙሮ ማሰር ነው፤ ስለህ ስለማታውቅ ክሩ ትዝ አላለህም። ከዚያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ያውም አባቷን ባጣች ልጅ ላይ! መዶሻውን የት እንደጣልከው ትናገራለህ።»

«ሰው ፊት አዋረደኝ!» ብሎ አምባረቀ። «ዕድሜ ልኬን ሲያዋርደኝ ኖረ!»

ልጅቷ ከግድግዳው ተላቃ መጣች። «መግደልህ ሳያንስ» አለች፣ ወደ ገበቴው እየጠቆመች፣ «ይሄን የተቦጫጨረ ነገር የአባቴ እጅ ሥራ ነው አልክ!»

ፖሊሶቹ ሲያወጡት እስከ በሩ ተከተለችው። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ጠዋት አጎቷ ሲከሳት የሰማው ሰው ሁሉ።

«ስዬው ነበር!» ብላ ጮኸች። «ስዬው ነበር!»