ጥላዋ እስክታልፍ

ሚስራ ናስርን የተዋወቀችው ከእግሩ እስከ ራሱ ሳኒታይዘር ረጭታው ነው።

ኮሮና የገባ ሰሞን ነበር። እሷ ዐረብ አገር፣ አል ማምዛር በአንድ ቪላ የቤት ሠራተኛ፣ እሱ በሞተር ሳይክል አስቤዛ አመላላሽ። በሩን ስትከፍት «እንደምን አደርሽ እህቴ» አላት። የወሎ ልጅ መሆኑ ከአፉ ያስታውቃል። ማዳም ግን ከኋላዋ ቆማለች። ሚስራ ፈራችና አማርኛ እንደማይገባት ሆና፣ በዐረብኛ እንዲርቅ ጮኻበት ረጨችው።

«አብሽሪ» አላት ከጭንብሉ ሥር፤ ዕቃውን አስቀምጦ ሄደ።

ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳቻት። የአገር ልጅ ሰላምታ በመርጫ ይመለሳል? ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር የአስቤዛውን ዝርዝር በሩ ላይ ለጥፋ መጋረጃ ኋላ ትደበቃለች። ጆሮዋ ግን ሞተሩን ከሩቅ ለይቶ ያውቃል።

ሰኔ ላይ፣ ጨረቃ ፀሐይን በጋረደችበት እሑድ ጠዋት፣ ማዳም ልጆቿን ይዛ ለግርዶሹ ሶላት ክፍሏን ዘጋች። ናስር ደጃፉ ላይ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ሆኖ ተጣራ።

«ለስንብት ነው። ከነገ ጀምሮ ምድቤ ሻርጃ ሆኗል።»

ሚስራ ወጣች። ሁለት ሜትር ርቃ ቆማ መሬት መሬት አየች። በቅጠሎቹ መሐል የሾለከው ብርሃን መሬቱን በትናንሽ ማጭድ ሞልቶታል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የተጋረደችው ፀሐይ መልክ ነው። ደሴ ሳለሁ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ጨረቃ ላይ ቆሞ ወደኛ የሚያይ ሰው ቢኖር ግን ፀሐይ ስትጠቁር አያይም። የሚያየው ምድርን ነው፤ እንደበራች ናት፣ አንዲት ጥላ ብቻ ከላይዋ ታልፋለች። ዛሬ በወሎ በኩል አድርጋ ነው የመጣችው።»

«ከሥሯ ያለነውስ?»

«ዓለም ሁሉ የጨለመ ይመስለናል።»

እንባዋ ቀደማት።

«ያን ቀን... ሐበሻ መሆንህን ዐውቄ ነው። ማዳምን ፈርቼ። ዋላሂ፣ ከዚያ ወዲህ በራሴ እንዳፈርኩ ነው።»

«ማወቅሽን ዐውቄያለሁ። ስትረጪኝ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ትመላለሳለህ?»

«ጥላዋ እስክታልፍ ነዋ።»

ማጭዶቹ እየሞሉ ሄዱ። «ጭንብልህን ዝቅ አድርገው፤ መልክህን ልየው» አለች ሚስራ። አደረገው።

መስከረም ላይ ሻርጃ ውስጥ፣ አባቷ ከሐይቅ ከተማ በስልክ ውክልና ሰጥተው ኒካሑ ታሰረ። ሙሽራዋ ከቦርሳዋ ያንኑ የመርጫ ጠርሙስ ስታወጣ እንግዳው ሁሉ ለማየት አንገቱን አሰገገ። ናስር ተቀብሎ አሸተተው። ሽቶ ሞልታበታለች።

«የማዳም ትእዛዝ ነው?» አላት እየሳቀ።

«ማንም አላዘዘኝም» አለችና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ከእግሩ እስከ ራሱ ረጨችው።