ባለ ቀይ መስመሩ ጡጦ

«ከዛሬ ጀምሮ፣» አሉ ጋሼ፣ የጋራዡን በር ራሳቸው ዘግተው፣ የቱታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ድረስ ቆልፈው፣ «በዚህ ጋራዥ ውስጥ ቤንዚንና ዘይት የሚቀላቀለው በዚህ እጅ ብቻ ነው!»

እጃቸውንም ከፍ አድርገው አሳዩ። እውነትም እጅ ነበር፤ አምስት ጣቶች፣ አንዱ ላይ ግሪስ። የጋራዡ በያጅ አዲስ ሕግ እንደታወጀ ሁሉ ራሱን ዝቅ አደረገ። የጋሼ ታናሽ እህት፣ መለዋወጫ ከምትደረድርበት ቀና ብላ «ጥሩ ነው፣ ወንድምጋሼ» አለች። ልጇ ግን ጥሩ አላለችም።

«ጡጦዬስ የት ሄደ?» አለች።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሞተር ሳይክል ላይ ስትዘል ያዩ ሁሉ ፌንጣ ይሏታል።

የጡጦው ነገር እንዲህ ነው። የእሷን የመሰሉ ትንንሽ የመስክ ሞተር ሳይክሎች ፒስተናቸውን የሚያለሰልሰውን ዘይት የሚጠጡት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ተጭሮ ይነክሳል፣ ሞተሩም ቀጥ ይላል። ለአምስት ሊትር ቤንዚን መቶ ሃምሳ ስድስት ሚሊ ሊትር፣ አለቀ። ፌንጣ በሕፃንነቷ የጠባችበትን ባለ ቁጥር ጡጦ ከዕቃ ቤት ቆፍራ አወጣችና ልኩ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመረች። ጋሼ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚለኩት በዓይናቸው ነው። ዘይቱን ያንዠቀዥቃሉ፣ ጀሪካኑን ይነቀንቃሉ፣ ያሸታሉ፣ ከዚያ «በቃ» ይላሉ።

ባለፈው ውድድር፣ «በቃ» በተባለው ቤንዚን፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ፌንጣ በመሪው ላይ ተሻግራ አፈር ላሰች። የተጫረውን ፒስተን ሁሉም በዓይናቸው አይተውታል።

«ቤንዚኑ ነው፤ ውሃ ቀላቅለውበታል» አሉ ጋሼ።

«ቤንዚኑማ ነው!» አለ በያጁ።

«የዘንድሮ ቤንዚን!» አለች እናቷ።

የውድድሩ ዳኛ መጥቶ ሲጠይቅ ፌንጣም ክርኗን እያሻሸች «ቤንዚኑ ነው» አለች። ክርኗ በሳምንቱ ዳነ። ያቺ ቃል ግን እስካሁን ታማታለች።

«ጡጦ?» አሉ ጋሼ። «አሥራ አምስት ዓመትሽ ነው፤ አሁንም ጡጦ አልጣልሽም?»

በያጁ ሳቀ። ለአለቃው ቀልድ ሁልጊዜ ይስቃል፤ አንዳንዴ ቀልዱ ሳያልቅ።

«መደርደሪያው ላይ ነበር፣ ጋሼ።»

«አይጥ ወስዶት ይሆናል።»

«አይጡም ይወዳደራል እንዴ?»

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቷ።

«ለማንኛውም በእሁዱ ውድድር ዘይቱን እጥፍ ነው የማደርገው» አሉ ጋሼ። «ብዙ ዘይት ሞተር አይገድልም።»

«ካርቡሬተሩን ያስተካከልኩት በቀይ መስመሩ ልክ ነው። ዘይቱ ከበዛ በካርቡሬተሩ ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ይህን ያስተማሩኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ጋሼ ጣታቸው ላይ ያለውን ግሪስ በቱታቸው ጠረጉ። ከዚያ «እኔ ያልቀላቀልኩትን ይዞ ከዚህ በር የሚወጣ የለም» አሉ።

«እኔም ያልተለካ ቤንዚን ላይ አልቀመጥም።»

ሦስት ቀን ሙሉ ሰላምታ እንኳ የሚተላለፈው በእናትየው በኩል ሆነ።

«ወንድምጋሼ፣ እንደምን አደሩ ትልሃለች።»

«ደህና በያት።»

«ደህና ይልሻል።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለቱም ቆመው የነበረው በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ነው።

እሁድ ጠዋት የውድድሩ ሜዳ በጭስና በጩኸት ተሞላ። ጋሼ ቤንዚኑን ጋራዥ ውስጥ ቀላቅለው፣ ጀሪካኑን እንደ ታቦት አክብረው ይዘው መጡ። ፌንጣ የራስ ቁሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው ውድድር ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

«ተነሺ እንጂ፣ የኔ እናት» አለቻት እናቷ ጎንበስ ብላ። «ለእኔ ስትይ።»

«ካልተለካ አልነሳም።»

«ያለፈው እኮ ቤንዚኑ ነው...»

«እማ፣ ቤንዚኑ አልነበረም።»

ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። በአጠገባቸው ያልፍ የነበረው ዳኛ ዞር አለ። በያጁ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ጫማው ክር አልነበረውም።

ጋሼ ፊታቸው ቀልቶ የጀሪካኑን ክዳን ከፈቱና የሞተር ሳይክሉን ታንከር ሊሞሉ በኃይል ጎንበስ አሉ። የደረት ኪሳቸው አፉን ከፈተ። አንድ ነገር ወደቀ፣ ተንከባለለና የፌንጣ ቡትስ ጋ ደርሶ ቆመ።

ጡጦው ነበር። ከታቹ ጥቂት ሰማያዊ ዘይት ቀርቶበታል። በቀዩ መስመር ላይ በጥቁር ማርከር ሌላ መስመር ተደርቦበታል፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው እንኳ ከሩቅ የሚታይ፣ የጣት ያህል ወፍራም።

በያጁ ለመሳቅ አፉን ከፈተ፤ የማንን ቀልድ እንደሚስቅ ግራ ሲገባው መልሶ ገጠመው። እናቷ ጥቁሩን መስመር አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ከዚያ ሰማዩን አየች።

ፌንጣ ጡጦውን አንስታ በእጅጌዋ ወለወለችው።

«ስንቴ ሞሉት?» አለች።

ጋሼ ጀሪካኑን እንደያዙ ናቸው። «ሁለቴ» አሉ፤ ቀስ ብለው። «ለአሥር ሊትር።»

ለአምስት ሊትር አንዴ፣ ለአሥር ሁለቴ። ልክ ነው። ፌንጣ ተነስታ የራስ ቁሯን አጠለቀች፣ ማሰሪያውን አገጯ ሥር አጠበቀች። ከዚያ ጡጦውን እዚያው ሰው ሁሉ ፊት ለጋሼ ዘረጋችላቸው።

«ይያዙልኝ፣ ጋሼ» አለች። «ኪስ ውስጥ አይደለም። በእጅዎ።»