ላምቢው እስኪነፋ

ቶቶ እጁን ወደ ላይ አነሣ። አካፋው ሁሉ ቆመ፤ የሞተር መጋዙም ጠፋ። ጭቃው ላይ የነበሩት ሰዎች ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አዳመጡ።

ኦርሊንም አዳመጠች። ከጭቃው ሥር አንድ ሳል ወይም አንድ የመንኳኳት ድምፅ እንዲመጣ በልቧ ለመነች። የሚሰማው ግን የወንዙ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ወፍ እንኳ የለም። አውሎ ነፋሱ ተራራውን ቅጠል ሳያስቀር ገፎት ስለሄደ፣ ዛፉ ሁሉ እሳት የለበለበው መስሎ ቆሟል።

«በቃ፣ ቀጥሉ» አለ ቶቶ እጁን አውርዶ። የአጎቷ ልጅ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቀልዱ አያልቅም። ዛሬ ግን ዓይኗን ማየት አልፈለገም።

«ምን ሰማህ?» አለችው።

«ምንም።»

«አባዬ ተኝቶ ይሆናል እኮ። ሰው በጣም ሲደክመው...»

«ኦርሊ፣ በናትሽ ተይኝ።»

ላምቢውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ሁለት መዳፍ የሚሞላ፣ ውስጡ ሮዝ የሆነ የትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። ጫፉ ተቆርጦ አፍ ወጥቶለታል። አባቷ ኤቫሪስት የፎንዲዬ መንደር ላምቢ ነፊ ነው። ሦስት አጭር ከነፋ ጀልባ ዓሣ ይዞ ገብቷል ማለት ነው፤ ሴቶቹ ሳህን ይዘው ወደ ባሕሩ ይሮጣሉ። ሁለት ረጅም ከነፋ የደቦ ጥሪ ነው፤ እጅ የቸገረው ጎረቤት አለና የያዛችሁትን ጥላችሁ ኑ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነፊው ከፊት እየሄደ በየመታጠፊያው ይነፋል፣ ሰዉ ከኋላው ይከተላል። ትንፋሽ እስኪያልቅ የሚነፋ አንድ ረጅም ደግሞ አለ። እሱን መንደሩ ውስጥ ሊሰማው የሚፈልግ ሰው የለም።

አውሎ ነፋሱ ባለፈ ማግስት ስልክ ጠፍቶ፣ ድልድዩ በጎርፍ ተወስዶ፣ አባቷ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወጥቶ ሁለት ረጅም ነፋ። ደጋግሞ ነፋ። ሰዎች ከቆርቆሮና ከጣውላ ክምር ውስጥ እየወጡ መጡ፤ ገሚሱ በባዶ እግሩ ነበር፣ ገሚሱ ግንባሩ እየደማ። አባቷ አንዱን ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ሌላውን ወደ ባሕሩ ዳር ላከ። እሱ ገደሉ ሥር ብቻቸውን ወደሚኖሩት ወደ ማ ቲቲን ወረደና አሮጊቷን በጀርባው አዝሎ አወጣቸው። ገና ቁጭ እንዳሉ «ውይ፣ የስኳሬ መድኃኒት!» አሉ።

«ያዢልኝ፣ መጣሁ» ብሎ ላምቢውን ለኦርሊን ሰጥቷት ወደ አሮጊቷ ቤት ተመለሰ። ተራራው የተናደው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ ይቆፍራል። የራሱ ቤት ላይ ሸራ እንኳ ያልወጠረው ሰው ሁሉ እዚህ መጥቶ ይቆፍራል። እናቷ ቪዮላ ነፋሱ ያረገፈውን የዳቦ ፍሬ ለቅማ፣ ከነልጣጩ ፍም ላይ ጠብሳ ለቆፋሪዎቹ ታድላለች። ሁሉም ከበላ በኋላ አንድ ሳህን ትሞላና በጨርቅ ትሸፍናለች። ያ ሳህን የማን እንደሆነ የሚጠይቃት የለም።

ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች መጡ። ገመድና ቃሬዛ ተሸክመዋል። ከፊት ያለው ከዋና ከተማው በጀልባ የመጣ የአደጋ ሠራተኛ ነው፤ አሥር አለቃ ሴለስቲን ይባላል። ፊቱ በእንቅልፍ እጦት አብጧል።

«እዚህ ኃላፊው ማነው?» አለ።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እዚያ ሥር ነው» አለ ቶቶ፣ በአካፋው ጭቃውን እያሳየ።

አሥር አለቃው ቆቡን አወለቀ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ተራራው ላይ፣ ላ ሮሽ መንደር፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሰው ላይ ተደርምሷል። መንደሩ በሙሉ እዚያ ነበር የተጠለለው። አንድ ሰው ወንዙን ተሻግሮ መጥቶ ነው የነገረን። ከሥር የሚጣሩ አሉ፤ ድምፃቸው ግን እየቀነሰ ነው። መንገዱ ግንድ በግንድ ላይ ነው፤ ሄሊኮፕተር የሚያርፍበት ሜዳም የለም። ገመድ አለኝ፣ ሐኪም አለችኝ። የሌለኝ ሰው ነው። መጋዝና ገጀራ ያላችሁ ሁሉ አሁን ብትነሡልኝ ሳይመሽ እንደርሳለን።»

ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«አልሰማችሁኝም እንዴ? በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው እኮ!»

«ሰምተንሃል» አለች አንዲት ሴት ባልዲዋን እንደያዘች። «ላምቢው ግን አልተነፋም።»

«የምን ላምቢ?»

«እኛ ጋ ሰው ከጠፋ» አለ ቶቶ፣ «ቤተሰቡ ላምቢ ነፍቶ እስኪያሰናብተን ድረስ ፍለጋ ጥለን አንሄድም። ባሕር ላይም ሆነ መሬት ላይ፣ ያው ነው።»

«ታዲያ ቤተሰቡ የታል?»

ኦርሊንን ላለማየት ሲል ሁሉም ወደ መሬት አቀረቀረ። አሥር አለቃው ግን እጇ ላይ ያለውን አየ።

«ይቺ ሕፃን?» አለ። «ሰዎች፣ እባካችሁ! በልማድ ምክንያት...»

«አፍህን ያዝ!» አሉ ማ ቲቲን። ከአደጋው ወዲህ ቃል ሲወጣቸው የመጀመሪያቸው ነው። «አንተ እዚያ ሥር ብትሆን፣ ባልደረቦችህ የተሻለ ሥራ አገኘን ብለው ጥለውህ ቢሄዱ ትወዳለህ? ይህ ሁሉ ሰው እዚህ የቆመው ነገ በእኔም ይደርሳል ብሎ ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ነጠላ ጫማቸው ላይ ጣሉ።

ኦርሊን ወደ እናቷ ሄደች። እናቷ ፍሙን ትቆሰቁሳለች።

«እማ።»

«አባትሽ ሲወጣ ይርበዋል። ያን ጨርቅ አስተካክዪው፣ ዝንብ ይገባል።»

«እማ፣ የላ ሮሽ ሰዎች...»

«ሰምቻለሁ። ጆሮ አለኝ።»

«እኛን ብለው ነው የቆሙት።»

«እኔ ማንንም አላሰርኩም። ይሂዱ።»

«ሳይነፋ እንደማይሄዱ ታውቂያለሽ።»

እናቷ እንጨቱን ጣለችው። «ለጆናስ ተነፍቶ የለ? እናቱ ነፋች፤ ተለቀሰ፣ ጸሎቱ ተደረሰ። ከዚያስ? በእግሩ እየተራመደ መጣ! እኔም በገዛ ባሌ ላይ እንደዚያ ላድርግ? አንቺስ በአባትሽ ላይ?»

ጆናስ አሁንም ጭቃው ዳር ተቀምጦ በአጭር አካፋ ይቆፍራል። ዓሣ አጥማጅ ነው። ኦርሊን ትንሽ ልጅ ሳለች የጀልባው ሞተር ተበላሽቶበት ማዕበሉ ሌላ ደሴት ወስዶ ጣለው። ሲመለስ ለቅሶው አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንደሩ «ሟቹ» ይለዋል። «ሟቹ፣ እንዴት አደርክ?» ሲሉት «እንደምታየኝ፣ ሳልቀበር» ይላል። በዚህኛው አውሎ ነፋስ ጊዜ በር ወድቆበት አንድ እግሩ አብጧል።

ኦርሊን አጠገቡ ተንበረከከች።

«አጎቴ ጆናስ፣ ያኔ ላምቢ በነፉብህ ጊዜ ተቀይመህ ነበር?»

«የተቀየምኩት በአሳማዬ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ለእኔ ለቅሶ ብለው አርደው በሉት። ለሟቹ አንድ ቁራጭ እንኳ አላስቀሩም!»

ኦርሊን ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነበር። ጆናስ አካፋውን ጭቃው ላይ ሰካ።

«ስሚኝ ልጄ። እነሱ ሲነፉ እኔ ጀልባዬ ውስጥ የዝናብ ውኃ እየላስኩ ነበር። አልሰማሁም። ስለነፉ አልሞትኩም፤ ባይነፉም ቶሎ አልመጣም ነበር። ግን እኔን ፍለጋ የወጡት ልጆች ማዕበሉ እየባሰ መመለስ እምቢ ብለው ነበር። የቶቶ አባት አንዱ ነው። እናቴ እዚያ ደረጃ ላይ ቆማ ስትነፋ ነው የተመለሱት። ሳትነፋ ብትቀር ኖሮ፣ እኔ መጥቼ የማለቅሰው ለእነሱ ነበር።»

«አባዬ በሕይወት ቢኖርስ?»

ጆናስ ጭቃውን አየ። ሊዋሻት አልፈለገም። «እግሬ ተራራ አይወጣም» አለ በመጨረሻ። «ቁጭ ብሎ ለመቆፈር ግን ማን ከለከለኝ? እኔ እዚህ ነኝ።»

ኦርሊን ተነሥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሄደች። አባቷ የቆመበት ድንጋይ ላይ ቆመች። አሥር አለቃው ሊከተላት ሲል ቶቶ ክንዱን ያዘው። ላምቢውን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነፋች። ፉስስ ከሚል አየር በቀር ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረች፤ ጥርሷ ላይ አሸዋ ተንኮሻኮሸ።

እናቷን ደረጃውን ስትወጣ ያየቻት ያን ጊዜ ነው። እናቷ አጠገቧ ደርሳ፣ ላምቢውን ከእጇ ወሰደችው። ታች ያሉት ሰዎች በሙሉ ያያሉ። ኦርሊን «ይዛው ልትሄድ ነው» ብላ አሰበች፤ ደግሞም፣ እንዳሰበችው ቢሆን ደስ የሚላት መሰላት።

እናቷ ግን የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ የላምቢውን አፍ ጠረገችው። ውስጡን እፍ ብላ አሸዋውን አራገፈች። ብርሃን ላይ ይዛ አየችው፤ እንደገና ጠረገችው።

«በቆሻሻ አይነፋም» አለች። «አባትሽ አይወድም።»

መልሳ ሰጠቻት።

«እማ...»

«በዚህ ሸበጥ ነው ተራራ የምትወጪው?» አለች እናቷ በቁጣ። «ሚስማር አለ፣ ቆርቆሮ አለ። ነፊ ከፊት እንደሚሄድ የማላውቅ መሰለሽ?» ጎንበስ ብላ የራሷን ቦቲ አወለቀች። ለኦርሊን ሰፋ ስለሚላት፣ ከራሷ ላይ ሻሿን ፈትታ ለሁለት ቀደደችና ጫፉ ላይ ጠቀጠቀችበት። ልክ እንደ ትንሽ ልጅ ራሷ አደረገችላት። «ውኃ ከገባበት አውልቀሽ አፍስሺው። ከቶቶ እንዳትለዪ።»

ኦርሊን ነፋች።

ድምፁ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። በባዶው ተራራ ላይ፣ ቅጠል በሌላቸው ዛፎች መሃል፣ የሚያስቆመው ነገር ሳያገኝ ሄደ። አንድ ረጅም። ዓይኗን ጨፍና ነፋች፤ ደረቷ እስኪቃጠል፣ ጆሮዋ እስኪጮህ ድረስ። ትንፋሿ ሲያልቅ ወንዶቹ ቆባቸውን አውልቀው ነበር። ማ ቲቲን ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ወየው ልጄን! በእኔ ምክንያት!» እያሉ ጮኹ። ቶቶ አካፋው ላይ ተደግፎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ኦርሊን ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። አየር ሳበች። ከዚያ ሁለት ረጅም ነፋች።

ሰዎቹ አካፋቸውን ከጭቃው ነቀሉ። ማንም «እንሂድ» አላለም። አንዱ መጋዙን ትከሻው ላይ ጫነ፤ ሌላው ገጀራውን ድንጋይ ላይ ሳለ። ባልዲ ይዛ የነበረችው ሴት የተረፈውን የዳቦ ፍሬ በጨርቅ ቋጠረች። የተሸፈነውን ሳህን ግን አልነካችውም።

መንገዱ ላይ ግንዱን እየቆረጡ፣ ቅርንጫፉን እየጎተቱ ወጡ። ቶቶ ከመጋዙ ጋር እየተሰዳደበ ይቆርጣል፤ «ተነሥ አንተ ሰነፍ፣ አሁን ነው እንዴ የምትተኛው?» ይለዋል ሞተሩ ሲጠፋበት። ሁለት ሰዎች ሳቁ። ኦርሊን የእናቷ ቦቲ ውስጥ የሻሹን ልስላሴ በእግሯ ጣቶች እየዳሰሰች ከፊት ሄደች።

መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አሥር አለቃው «እዚህ ላይ ንፊ» አላት። አሁን የሚያናግራት እንደ ሕፃን አልነበረም። «ነፋሱ ወደ ላይ ነው። ከሰሙ ይጠብቁናል።»

ላምቢውን አነሣች። ሳትነፋ ከታች አንድ ድምፅ ሰማች። ጭቃ የሚመታ አካፋ ነው። ቀስ ብሎ ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል። አጎት ጆናስ ነው። ቀጥሎ ሌላ አካፋ ተሰማ፤ ይኸኛው ፈጣን ነው፣ አያርፍም። ዘወር ብላ ማየት አላስፈለጋትም። እናቷ በባዶ እግሯ ጭቃው ውስጥ ቆማለች።

መንገዱ ወደ ታች ክፍት ነበር። አሁን ብትመለስ የሚወቅሳት አንድም ሰው የለም።

አካፋው ዝም እስኪል አልጠበቀችም። ፊቷን ወደ ላ ሮሽ አዙራ ሁለት ረጅም ነፋች። ከዚያ እጇን ወደ ላይ አነሣች፤ መጋዙ ጠፋ፣ ሁሉም ጸጥ ብሎ አዳመጠ።