እስክንድርያ የማይደርስ አፈር

ባሕር በሌለው አገር ተወልደሽ የባሕር ዳርቻ ማማረጥ ምን አመጣው የሚለኝ ካለ ይምጣ፤ እከራከረዋለሁ። እኔና አስማማው ለጫጉላችን ስናማርጥ ነው ዓመቱን የከረምነው።

ሉማሜ፣ ከአውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት፣ አንድ ስልክ ላይ ሁለታችንም አቀርቅረን። የተዋወቅነውም እዚያው ነው። አንዷን ባዶ ወንበር ቀድሞኝ ይዟት ስቆጣው፣ ለቀቀልኝና ሻዩን ቆሞ ጠጣ።

«ዛንዚባር» አልኩት። «አሸዋው ዱቄት ይመስላል።»

«ፀሐዩ ያከስልሻል።»

«ሞምባሳስ?»

«ጦጣው ምሳሽን ይነጥቅሻል አሉ። ምሳ ለመነጠቅ የደጀን ዝንጀሮ አነሰን?»

«እሺ፣ አንተ ምረጣ፣ አዋቂው።»

«እስክንድርያ» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ወደ እኔ አንስቶ። «ዓባይ የጎጃምን አፈር ጠርጎ የሚያራግፈው እዚያ ነው። በገዛ አፈራችን ላይ ጋደም እንላለን፣ ሂዊዬ።»

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ አፉን የሚያስይዝ መልስ ነበረኝ። ግን እያየኝ ነበር። ዝም አልኩ።

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አባቴ ዘር ሊያስቆጥረው ጠራው። ሰባት ቤት ያልራቀ ዘመድ አይጋባም። በዋዜማው እናቴ የእኛን ስትቆጥርልኝ የይጁቤው አንሙት ላይ ደረሰች። አስማማው አያቴ እያለ ሁልጊዜ የሚኮራበት የይጁቤው አንሙት።

ወደ እሱ ሮጬ ሄድኩ። «ያን ስም ዝለለው። የሞተ ሰው አይከስህም።»

«እዘለዋለሁ» አለ።

በማግስቱ ከጓዳ ሆኜ አዳመጥኩት። «አባቴ ይታያል፤ ይታያል የአስረስ፤ አስረስ የፈንቴ፤ ፈንቴ የውበቱ፤ ውበቱ የተገኘ…»

ቆመ።

«ተገኘ የአንሙት» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። «የይጁቤው።»

አባቴ ቆጠራውን አስቆመው። «እህትህ ናት፣ ልጄ።»

ደጃፍ ላይ ደረስኩበት። «ባሕሩ አያቶቻችንን አያውቃቸውም። እንሂድ።»

«እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«በአጥንት ልትለውጠኝ?»

«አባትሽ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ እንዴት ልዋሽ፣ ሂዊ?»

ሂዊዬ ማለቱን እንኳ ተወ። እንደ ዘመድ ጉንጬን ስሞኝ ሄደ።

የጎጃም አፈር እስክንድርያ አይደርስም። ግድቦቹ መንገድ ላይ ያስቀሩታል፤ ይህንን ያን ቀን ሻይ ቤት አውቅ ነበር። ለአንድ ወንበር የምጣላው እኔ፣ እውነቱን ለእሱ ስል ዋጥኩት።

እሱ አንድ የሞተ ሰው ስም መዋጥ አቃተው።