ቆዳዋ የተገፈፈ ሳንቲም

ሳንቲም ሻጩ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነበር። ማጅራቱን የመታው የነሐስ የሚዛን ድንጋይ እግሩ ሥር ወድቋል። ሱቁ በአራት እርምጃ ያልቃል፤ መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። መርማሪው በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ዛሬ ጠዋት ሟችን ያዩት ሦስቱ ከሬሳው ጋር ቀሩ፦ ሴት ልጁ፣ ሸሪኩና ሳንቲም ሰብሳቢ የሆነው የቆየ ደንበኛው። ሙቀቱ ያፍናል።

ውጭ ፖሊሶች ልጅቷን ሊወስዱ ቆመዋል። ትናንት ከአባቷ ጋር ስትጣላ ጎረቤት ሰምቷል፤ ሱቁ ተቆልፎ ነው የተገኘው፤ ከሟች ሌላ ቁልፍ ያላትም እሷ ብቻ ናት።

«በሩ ሲሳብ ራሱ ይቆለፋል» አለች። «ማንም ገድሎት ሊወጣ ይችላል። ማን ይስማኝ?»

«እኔ ጆሮ አለኝ» አለ መርማሪው።

ጠረጴዛው ላይ ደም ተረጭቷል። መሀሉ ላይ ያለችው የብር ሳንቲም ግን ታብለጨልጫለች። ወደ ሰብሳቢው ዞረ።

«ይህቺን እንዴት ያዩአታል?»

«ምርጥ ናት! ዛሬ የተቀረጸች ትመስላለች። የእኔዎቹም እንዲህ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ለፍቼባቸዋለሁ።»

ሸሪኩ አንገቱን ደፋ። መርማሪው አየው። ከሳንቲሟ አጠገብ ሟች ስለ እሷ በዛሬ ቀን የጻፈውን ካርድ አንስቶ አነበበ።

«‹ሜዳዋ ያልተጫረ፣ ቆዳዋ ሙሉ።› ምን ማለት ነው?»

«ሜዳ የምንለው ሥዕልም ጽሑፍም የሌለበትን ቦታ ነው» አለ ሸሪኩ። «ቆዳ ደግሞ ዕድሜ ያለበሳት ጥቁረት ነው።»

«ይህቺ ጥቁረት የላትም።»

«ታጥባ ነው፣ ጌታዬ። የታጠበች ሳንቲም ሬሳ ናት። እኛ ጠርዟን ይዘን እናያታለን እንጂ ሜዳዋን በጣታችን እንኳ አንነካም።»

«ደም ቢነካትስ?»

«ከነደሟ ትቀመጣለች!» አለች ልጅቷ።

መርማሪው ሳንቲሟን ወደ መስኮቱ ወሰደ። በፊደሎቹ ስንጥቅ ነጭ ዱቄት ተወትፏል።

«ቦርሳዎን ይክፈቱ» አለው ሰብሳቢውን።

ሰብሳቢው በሩን አየ፤ ፍርግርጉን አየ። ከፈተ። ሳንቲሞቹ ሁሉ ያብረቀርቃሉ፤ በፊደሎቻቸው መሀል ያው ነጭ ዱቄት አለ። ከሥራቸው አንድ ብልቃጥ የሶዳ ዱቄትና እርጥብ ጨርቅ ወጣ።

«ሟች ይህቺን ከነቆዳዋ መዘገባት» አለ መርማሪው። «ከዚያ ተገደለ፤ ደሙ ተረጨባት፤ ገዳዩ አጠባት። ልጅቷና ሸሪኩ እጃቸው ቢቆረጥ አያጥቧትም። እርስዎ ግን ሳንቲም ቆሽሾ ማየት አይሆንልዎትም። በሶዳ ፈትገው አስቀመጧት።»

ሰብሳቢው ወንበር ፈልጎ አጣ፤ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ሳንቲሞቼን ኤግዚቢሽን ላይ ላቀርብ ነበር፤ ምርጥነታቸውን እንዲመሰክርልኝ አመጣሁለት። ‹አንተ ሰው፣ ሁሉንም ገድለሃቸዋል› ብሎ ሳቀብኝ። በርካሽ ሊገዛቸው ነው ብዬ ደሜ ፈላ።»

ሰብሳቢው ቦርሳውን ወደ ልጅቷ ገፋ።

«አንቺም ታውቂያለሽ። እስቲ እያቸው፣ ልጄ። አንዷ እንኳ ደኅና የለችም?»

ልጅቷ ቦርሳውን አላየችም።

«አባቴ ነግሮዎታል» አለች።