ያልተጠየቀችው ወላድ

ሆስፒታሉ «ሕፃኑ በመቀመጫው እንደመጣ ነግረናቸው ነበር፤ ኦፕራሲዮን እምቢ ያሉት እነሱ ናቸው» ይላል። የወላዷ አማት ደግሞ «ማንም የነገረን የለም፤ የልጅ ልጄን የበሉት እነሱ ናቸው» እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ያለቅሳሉ። ወላዷ ልብስ ሰፊ ግን ሁለቱም እውነቱን ግማሽ ግማሹን እንደደበቁ ታውቃለች።

ሐኪሙ በእርግጥ ተናግሯል። የተናገረው ግን ምጥ ለያዛት ለእሷ ሳይሆን ከማዋለጃው በር ውጭ ለቆሙት ለባሏና ለአማቷ ነበር። የክፍሉ ልማድ ይኸው ነው፤ ቤተሰብ በር ላይ ይጠራል፣ ይነገረዋል፣ ይወስናል። አማቷ «እኔ ስድስቱን ስገላገል ማን ቢላዋ አሳየኝ?» አሉ። ባሏ መሬት መሬቱን አየ። ሐኪሙም እሺ ብሎ ወደ ሌላዋ ወላድ ሄደ። ምነው አንዱ እንኳ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ቢላት! ምላስ አልነበራትም? ሆዱ የማን ነበር?

እግሩ ወጣ፤ ወገቡ ወጣ፤ ጭንቅላቱ ግን ቀረ... አዋላጇ እያለቀሰች ታገለች። ሲወጣ ድምፅ አልነበረውም። እናቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋችለት ትንሽ ቢጫ ሸሚዝ መግነዙ ሆነ። ሰዉም ዕድሉ ነው እያለ አጽናናት። ዕድል! ዕድል በር ላይ ቆሞ እሺ ይላል እንዴ?

አሁን ሁለተኛው ልጇ መወለጃው ደርሷል፤ እሱም በመቀመጫው ነው። ከውጭ በእጅ ሊያዞሩት ሞክረው አልዞር ብሏል። አዲሱ ሐኪም እሷ፣ ባሏና አማቷ ወደተቀመጡበት አግዳሚ መጣና ፊቱን ወደ ባልየው አዙሮ ያስረዳ ጀመር። በምጥም መውለድ ይቻላል፤ ግን እንዲህ ያለውን የሚያዋልድ ልምድ ያለው ሰው እዚህ ሁልጊዜ አይገኝም። ቀዶ ጥገናም የራሱ ጣጣ አለው፤ ቁስሉ፣ የሚቀጥለው እርግዝና... ለዚህ ሕፃን ግን ይሻላል።

«ቀደው ሊሰፏት ነው?» አሉ አማት። «እቤት ያለው ስፌት አነሳት?»

«እንግዲህ እማዬ ካለች...» አለ ባል።

ልብስ ሰፊዋ ሆዷን ደግፋ ተነሣች።

«ዶክተር፣ ወደ እኔ ይዙሩ። በመጀመሪያው ልጄ ጊዜ በር ላይ ሲመከር እኔ ውስጥ ነበርኩ። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንተም ዝም እንዳልክ ቆይ። ኦፕራሲዮኑን መርጫለሁ፤ የምፈርመውም ራሴ ነኝ።»