ቅሪ ያላላት ሰው

ነርሷ የምትሠራበት የአረጋውያን መርጃ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ከአሥራ አንድ ሠራተኞቹ ሰባቱን አጣ። አንዱ የተሻለ ሥራ አገኘ፤ አንዷ አገባች፤ የቀሩት ወይ ወገባቸውን ታመሙ ወይ ታከታቸው። በጎ አድራጎት ድርጅቱ ማስታወቂያ ቢለጥፍም የሚያመለክት ጠፋ። አረጋውያኑ ግን ሠላሳ ስድስት ነበሩ፤ ከእነሱም ዘጠኙ ከአልጋ የማይነሡ።

ሾፌሩ ወደ ክፍሎቹ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው ሕመምተኞችን ሐኪም ቤት ማመላለስ ነበር። አንድ ጠዋት በበሩ ሲያልፍ ነርሷ አንዲት ከባድ አሮጊት ለማገላበጥ ብቻዋን ስትታገል አየ። የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከቶ፣ እጁን ታጥቦ ገባ።

«የት ጋ ልያዝ?»

«ከትከሻቸው ሥር። ቀስ ብለህ፤ ጀርባቸው ቆስሏል።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት። «ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ሾፌሩ ነኝ፣ እማማ።»

«በል እንግዲህ፣ ቀስ ብለህ ንዳኝ» አሉት።

ነርሷ ሳቀች። ከሳቀች ምን ያህል ጊዜ እንደሆናት ልታስታውስ ሞክራ አልሆነላትም።

ከዚያን ቀን ወዲህ በየጠዋቱ አብረው አልጋ ማንጠፍ፣ ገላ ማጠብ፣ ቁስል መጥረግ ያዙ። እሱ ወሬ አያበዛም። አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘው ሲወጥሩት ዓይናቸው ይገጣጠማል፤ ቀድማ የምታቀረቅረው እሷ ናት። ምሳ ሳትበላ ስትሮጥ ካየ ሳህኗን ከድኖ ያስቀምጥላታል። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላቸው አልተባለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ሕመምተኛ ይዞ ወጥቶ፣ ነርሷም በሴቶቹ ክፍል መርፌ ስትወጋ፣ በወንዶቹ ክፍል አንድ አዛውንት አረፉ። ሐኪሙ ማንም አጠገባቸው ቢኖርም አይተርፉም ነበር አለ። ይህ ግን ነርሷን አላጽናናትም። ከጎናቸው የሚተኙት ጡረተኛ መምህር፣ «ሁለት ጊዜ ‹ሲስተር› ብለው ተጣሩ። እኔም እግሬ አልታዘዝ አለኝ» ብለዋት ነበርና።

በሳምንቱ ታላቅ እህቷ ደወለች። በምትኖርበት ከተማ፣ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ቦታ አግኝታላታለች። ነርሷ በአንድ ወር ውስጥ ሥራ እንደምትለቅ ለሥራ አስኪያጇ ጻፈች። ሥራ አስኪያጇ ደብዳቤውን አንብባ መነጽሯን አወለቀች፤ «አልፈርድብሽም» ብቻ አለች።

ለሾፌሩ የነገረችው ልብስ ማጠቢያው ጋ ነው።

«ልሄድ ነው።»

እርጥቡን አንሶላ እንደያዘ ቆመ። ውኃው ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

«ሂጂ» አለ በመጨረሻ። «ከስተሻል። ማረፍ አለብሽ።»

«ሌላ የምትለኝ የለም?»

«የለም።»

ሆድ ባሳት። ከዚያ ወዲያ ለሥራ ካልሆነ አላነጋገረችውም።

እሱ ግን ያን ወር እረፍት አላወቀም። ነርሶች ማሠልጠኛው ድረስ አራት ጊዜ ተመላልሶ ደጅ ጠና፤ በመጨረሻም ተማሪዎች ስድስት ስድስት እየሆኑ፣ ከአስተማሪያቸው ጋር፣ በየሳምንቱ ለልምምድ እንዲመጡ አስፈቀደ። ጠንከር ያሉት አረጋውያንም ሥራ ተከፋፈሉ። መምህሩ የአልጋ ቁራኛ ለሆኑት ተረኛ እየመደቡ ስም መጥራት ጀመሩ። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት ማንም ብቻውን አይሞትም» አሉ። ነርሷ ይህን ሁሉ ስታይ ሥራ አስኪያጇ ያደረገችው መስሏት ነበር።

በመሄጃዋ ቀን ሾፌሩ መናኸሪያ አደረሳት። ሞተሩን አጠፋ፤ አልወረደም።

«ያን ቀን ቅሪ ያላልኩሽ ሳልፈልግ ቀርቶ አይደለም» አለ መሪውን እያየ። «ቤቱ ሰው አጥቶ ሳለ ቅሪ ብልሽ፣ የምለምንሽ ለሥራው ይመስልሽ ነበር። አንቺም ለእነሱ አዝነሽ ትቀሪያለሽ። እንደዚያ እንድትቀሪልኝ አልፈለግሁም።»

«ተማሪዎቹን ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«ጸጸት ይዘሽ እንዳትሄጂ ብዬ ነው።»

ከውጭ ረዳቶቹ ተሳፋሪ ይጠራሉ።

«አሁን ስለ ራሴ መናገር እችላለሁ» አለ። «እወድሻለሁ።»

እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ደክሞኛል» አለችው። «እዚያ ክፍል በገባሁ ቁጥር አባባ ሲጣሩ ይሰማኛል። ዛሬ ብቀር ሁላችሁንም ልጠላ ነው፤ አንተንም ጭምር።» ቦርሳዋን አነሣች። «እሄዳለሁ። ግን ና። እየመጣህ ጠይቀኝ።»

መጣ። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ፣ የስድስት ሰዓት መንገድ ተጉዞ ይመጣል፤ እሑድ ይመለሳል። ታላቅ እህቷ መጀመሪያ ፊት ነሣችው። «ለሾፌር ብዬ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?» አለቻት ጓዳ ጠርታ። ነገር ግን አንድ ሰሞን እህቷ ራሷ ወገቧን ታማ ተኝታ ሳለ ደረሰ። ሳይጠየቅ ትራሷን አስተካክሎ፣ ሳያማት በጎኗ እንዴት እንደምትዞር አሳያት።

ሲወጣ እህቷ ወደ ነርሷ ዞራ፣ «ይሄ ሰውዬ ከአንቺ ይልቅ ነርስ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ የሾፌርነቱ ነገር አልተነሣም።

ነርሷ ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ዓመት ሠራች። በልቶ መተኛት፣ ሳይደነግጡ መንቃት ቀስ በቀስ ተመለሰላት። አንድ ቅዳሜ ረፋድ መናኸሪያ ወጥታ ተቀበለችው።

«ልመለስ ነው።»

ደስታና ስጋት አብረው ፊቱ ላይ ታዩ። «ሥራ አስኪያጇ ደወለችልሽ እንዴ? እውነት ነው፣ አሁንም አንድ ነርስ ይጎድለናል። ግን ለቤቱ ብለሽ ከሆነ...»

«ቤቱን ማን አነሣው?» አለችው። «የምመለሰው ለአንድ ሰው ነው። ነርስነቱን እግረ መንገዴን እሠራዋለሁ።»

እጇን በሁለት እጁ ያዘ። መንገደኛው በግራ በቀኛቸው እየተጋፋ ሲያልፍ፣ ሁለቱ ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።